ጆሮ ለባለቤቱ

ኅዳር በታምፔሬ፣ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ሲመሽ፣ ሲደበዝዝ፣
የወንዙ ጭጋግ መጥቶ በጡቡ ፋብሪካ ሲደገፍ፣ ሲተክዝ፣
ከምድር ቤቱ ጓዳ፣ ጥንት የጥጥ እስር ከተከመረበት፣
እኔ ድምፅ ልቀዳ፣ ኦይቫ ሊጫወት፣ ተቀመጥንበት።

ቀዩን ጊታር አቅፎ፣ መምቻውን ቆንጥጦ፣ ክሩን ነካ።
ቀጭ!
ሚስማር በቆርቆሮ ላይ። ከዜማው በፊት የደረሰ እንካ፤
ዜማው ኋላ ቀርቶ፣ እያነከሰ ተከተለ።
ክርን የሚደረድር አለ፣ ክርን የሚገርፍ አለ፤
ኦይቫ ይገርፋል። ክሩ ምን በደለ?

ማይክሮፎኑን ከማጉያው እምብርት ወደ ጠርዙ ገፋሁት፣
የቃናውን ቁልፍ ከአሥር ወደ ስድስት ዝቅ አደረግሁት፤
ዞር ከማለቴ ወደ አሥር መለሰው።
«ታፈነብኝ» አለ፤ «ማን ነው ብርድ ልብስ ያለበሰው?»
የመምቻውን ሹል በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ አዶለዶምኩ፣
በክቡ ትከሻው እንዲመታ ገልብጬ አሳየሁ፣ ለመንኩ።
ኮምፕረሰር አጠመድኩ፤ ዘግይቶ ደርሶ ጭራውን ያዘ፣
የምቱ ራስ ግን፣ እንደ እባብ፣ ቀድሞት ተጓዘ።

ስድስተኛው ቅጂ ላይ ቀና ብሎ፣ ሳይቆጣ፣
«የቱ ነው ቀጭታ የምትለው? ከየት ነው የሚመጣ?»

እኔ ባስ፣ እሱ ጊታር፣ ሃያ ክረምትና በጋ ስንዞር፣
በየሐይቁ ዳር ዳንስ ቤት፣ በየጥዱ ዱር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ፋብሪካ መሥራቱን አውቃለሁ፤
ከጆሮው ጋር አገናኝቼው አላውቅም። አፍራለሁ።

የአየር መዶሻው ብረቱን ሲበሳ፣ አብሮ እሱንም ሲበሳው፣
ከላይ ከላይ ያለውን ድምፅ ጠርቦ ጠርቦ ወሰደው፤
የፌንጣን ሲርሲርታ፣
የሻይ ማንኪያን ቅጭልታ፣
የገዛ መምቻውን ቀጭታ።
ስለዚህ ይገርፋል፣ የጠፋው እስኪመለስ፤
እኛ ደምተን እንኳ፣ ለእሱ ገና ሳይደርስ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ፣ ስለ ሐሜት መስሎኝ ነበር፤
ያን ቀን ገባኝ፣ በስድስት የብረት ክር።

ወንበሩን አዞርኩለት ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት።
«በዓይንህ ስማው» አልኩት።
ከእያንዳንዱ ኖታ ፊት የቆመ ጦር አየ፤
አፍንጫውን አስጠግቶ ዝም ብሎ ቆየ።

ከዚያ አንጓውን አላላ። መምቻውን አዘነበለ፤
እጁ ከጊታሩ ድልድይ ወደ አንገቱ ሸሸ፣ ቀለለ።
ጦሩ ዱላ ሆነ፣ ዱላው ጭራሮ።
በመጨረሻ መምቻውን አስቀምጦ፣
በአውራ ጣቱ ሥጋ ነካው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ።
መስኮቱ ላይ ጉብታ ብቻ ቀረ፤
ጓዳው ውስጥ ግን፣
ከሳውና ወጥቶ በረንዳ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው፣
እፎይ የሚል ድምፅ ሰፈረ።

«ለእኔ ከበረዶ ሥር ነው» አለ። «ሩቅ። ግን አለ?»
«አለ።»
«ትምላለህ?»
«እምላለሁ።»
አራቱንም ዜማ ተጫወተ፣ እጁ ሳይበረታ፣
ደብዳቤውን በሰው አፍ እንደሚያስነብብ፣ እያመነ፣ እያመነታ።

ማታ ስልክ ደወለ። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኝ ነበር።
«ሲልቪ» አለ በኋላ፣ የሚስቱን ስም፤ ከተቀበረች ሰባት ዓመቷ።
«ልለማመድ ስቀመጥ የወጥ ቤቱን በር ትዘጋው ነበር።
ሙዚቃ አትወድም ብዬ ለስንቱ ሰው አወራሁ።
አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችኝም።
በቀስታ መሆን አለበት የምትዘጋው፤
ሲዘጋ
ሰምቼው አላውቅም።»